እንኳን አደረሶችሁ

አባቴ ካረፈ በኋላ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የነበረችውን ሱቁን ስንለቅ፣ በእግር የሚረገጠውን ማተሚያ መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ልሸጠው ተስማምቼ ነበር። ያስጣሉኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። በወጣትነታቸው እዚያው ሱቅ ፊደል ለቃሚ፣ ማለትም ለማተሚያ የእርሳስ ፊደሎችን እየለቀሙ የሚደረድሩ ነበሩ። «እሱን በኪሎ ከሸጥኸው እኔንም አብረህ አስመዝነኝ» አሉኝ። በባሕር ዛፍ ግንድ እያንከባለልን ግቢያችን አስገባነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። ቀለም የሚቀቡትን ሩሎዎች የያዘው ክንድ ዝጎ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። ነጭ ጋዝ አጠጥቼ ጥቂት ቀን መታገሥ ሲገባኝ በመዶሻ መታሁት። የድሮ መኪና አካል ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ብረት ነው፤ መታጠፍ አያውቅም፣ ይሰበራል። ሰፈር ውስጥ አስበየድሁት፤ ገና ሳይቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ «ቀጭ» ብሎ እንደገና ተሰነጠቀ። ታናሽ ወንድሜ አዘዞ ሰፈር ወደሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ ወሰደው። እሳቸው ክንዱን በከሰል ፍም አግለው በነሐስ በየዱት፤ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብረው «እስከ ነገ የሚነካው እንዳይኖር» አሉ። እንዲህ ያለ ብረት አንዱ ጎኑ ቀድሞ ከቀዘቀዘ ራሱን በራሱ ይገነጥላል። እስካሁን ጸንቷል።

በደረቀ ዘይትና በአቧራ የተደፈኑትን የዘይት ቀዳዳዎች እናቴ በስፌት ወስፌዋ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የሩሎዎቹ ጎማ አዲስ አበባ ተልኮ ታደሰ፤ ከወጪያችን ግማሹን የበላው እሱ ነው። ወረቀቱን የሚጫነው ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ ከጀርባው አራት ቡሎን አለው። በአራቱ ማዕዘን አንዳንድ «መ» ተክለን ብናትም የታችኛው ግራ ወረቀቱን ሲበሳ የላይኛው ቀኝ ጭራሽ አልታየም። ሩብ ዙር አጥብቆ ማተም፣ ሩብ ዙር አላልቶ ማተም፤ ሁለት ምሽት ፈጀብን።

ፊደሎቹ ግን ከመኪናው ባሱ። መሳቢያዎቹ በማጓጓዝ ወቅት ተገልብጠው ሁሉም ተደባልቋል። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላውና ቁጥሩ ሳይቆጠር። እኔና የእህቴ ልጆች ማታ ማታ ለየን። ፊደሎቹ የተሠሩት መርዛማ ከሆነው የእርሳስ ብረት ስለሆነ ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ቆሎ እንዳይነኩ መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

በጥምቀት ዋዜማ የመጀመሪያው ካርድ ወጣ፤ «እንኳን አደረሶችሁ» ይላል።

አክስቴ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከመሳቢያው አንድ ፊደል አንሥተው መዳፌ ላይ አቆሙልኝ። «ምንድን ነው?»

«ሶ ነው፤ ግራ እግሩ ረዘመ። አንቱስ ምን ይሉታል?»

«ሳ ነዋ! እርሳሱ ላይ ያለው ግልባጩ ነው። በአናቱ አዙረህ አንብበው።» አዞርሁት። ረዥሙ እግር ወደ ሰማይ ቢቀሰርም ቦታው በቀኝ ሆነ። ለቃሚዎች ፊደሉን ዘቅዝቀው የሚያነቡት ለካ ለዚህ ነው። የፊደሉን አቅጣጫ የምታሳየውን ከጎኑ ያለች ጥርብ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ መስመሩን አስተካክለው ደረደሩት። ለእኛ የቀረልን ባን ከቦ፣ ካን ከኮ፣ ዛን ከዞ እንደገና መለየት ነበር።

ካርዶቹ የደረቁት ጥር 12 ቀን፣ የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በዓሉ ካለፈ በኋላ «እንኳን አደረሳችሁ» ደረሰው።