ሰርገኛ ጤፍ የመሰለ ሰማይ

መብራት የለም። ዝናቡ ሲጀምር ነው የሄደው። ስልኬ 31 ፐርሰንት ላይ ነው፤ ላንብብበት ወይስ ልጻፍበት ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ያው እንደምታዩት።

እሁድ ቡና ላይ ትንሹ ወንድሜ ሙድ ያዘብኝ። «አንቺ እኮ መጽሐፍ ውስጥ ዝናብ ካልዘነበና ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ካልተከዘ አትወጂም» አለኝ። ልክ ነው፣ ግን እማዬ ፊት ምን አስባለው? ከእነበዓሉ ግርማና ከእነአዳም ረታ ብዙም ርቄ አላውቅም። ዓረፍተ ነገር አላምጬ ነው የማነበው፣ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ብቆይ ቅር አይለኝም። እሱ ደግሞ ኮድ ሲጽፍ የሚውል ልጅ ነው። እልህ ያዘኝና «እሺ፣ አንድ ሳይበርፐንክ ምረጥልኝ» አልኩት። እማዬ ምንድነው እሱ አለች። «ቴክኖሎጂው የናጠጠ፣ ኑሮው የነጣ ዓለም ነው» አላት። «ታዲያ ይሄ ምን ልብ ወለድ ያስፈልገዋል?» ብላ ወደ ጀበናዋ ዞረች።

ማታውን በቴሌግራም ሦስት ላከልኝ።

አንዱ የፊሊፕ ኬ. ዲክ ነው፣ በፈረንጆቹ 1968 የወጣው፣ አንድሮይዶች፣ ማለትም ሰው መሳይ ማሽኖች፣ የኤሌክትሪክ በግ ያልሙ እንደሆነ የሚጠይቀው። ሳይበርፐንክ የሚባለው ስም ገና ሳይወጣ የተጻፈ ስለሆነ ትንሹ «አያትየው» ነው የሚለው። ሰውየው እውነተኛ በጉ ሞቶበታል። ጎረቤት እንዳያውቅበት ጣሪያ ላይ የኤሌክትሪክ በግ ያቆማል፣ ይንከባከባል፣ እየተሳቀቀ። እዚህ ጋ ሳቄ አመለጠኝ። የፋሲካ ዋዜማ ከግቢው የበግ ድምፅ ባለመሰማቱ የሚሸማቀቅ ሰው አላውቅም አልልም፤ እንዲያውም አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ አጥራችን አንድ ነው። እንደኔ ላለ አንባቢ ቀላሉ በር ይሄ ይመስለኛል፤ ማሽኑ ኋላ ነው የሚመጣው፣ ቀድሞ የሚመጣው ሀፍረቱ ነው። ልጀምረው ስል «እሱ እኮ በረንዳው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም» አለኝ።

ሁለተኛው የኒል ስቲቨንሰን ስኖው ክራሽ ነው፣ የ1992። ለማፊያ ፒዛ የሚያደርስ ጀግና አለው። ስሙ ቃል በቃል «ዋናው ገጸ ባሕርይ» እንደማለት ነው። ቀልዱ ገብቶኛል። ግን ገና ሳንተዋወቅ ጎኔን የሚኮረኩረኝ ደራሲ አልወድም።

ሦስተኛው የዊሊያም ጊብሰን ኒውሮማንሰር። እዚህ ላይ ልቤን ያገኘው መጽሐፉ ሳይሆን ወሬው ነው፦ ሰውየው ይሄን ሁሉ የኮምፒውተር ዓለም የጻፈው በእጅ በሚመታ አሮጌ ታይፕራይተር ነው፣ ስለ ኮምፒውተርም ብዙም አያውቅም ነበር። ይሄ የእኔ ሰው ነው አልኩ። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከወደቡ በላይ ያለው ሰማይ የቴሌቪዥን ቀለም አለው ይላል፣ የሞተ ቻናል ላይ የቀረ ቴሌቪዥን።

አራት ቀኔ ነው። አላለፍኩትም።

ትንሹን ብነግረው «አዎ፣ ሰማያዊ ማለቱ ነዋ» አለኝ። እሱ ቤት ያለው ቲቪ ሲግናል ሲያጣ ሰማያዊ ነው። በእሱ ቤት ያ ወደብ ብራ ሆኗል! አይደለም፣ ያኛው ግራጫ ነው፣ የሚተራመስ፣ ሽሽሽ የሚል አልኩት፤ ዝም አለኝ። ከዚያ ይሄን በአማርኛ እንዴት ይሉታል እያልኩ እቃ ሳጥብ ዋልኩ። ፈረንጆቹ በረዶ ይሉታል፤ በረዶ አይሆንም፣ እኛ በረዶን የምናውቀው ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ መጣልኝ፦ ሰርገኛ ጤፍ። ነጩና ቀዩ የተደባለቀበት፣ ወንፊት ላይ ሲናጥ። በጣም ኮራሁ። «የሞተ» የሚለው ግን እስካሁን እንቢ ብሎኛል። እኛ ጋ መብራት አይሞትም፤ ይሄዳል። የሄደ ደግሞ ይመጣል።

መጽሐፉ የወጣው በ1984 ነው፣ በእኛ 1976። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከለር የሆነውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ኢሠፓ ሲመሠረት። እኛ ቤት ከለሩ እስኪደርስ ኢሠፓም የለ፣ መንግሥቱም የለ። የእኛው ጥቁርና ነጭ ነበር፣ ከላዩ በእማዬ ዳንቴል የሚሸፈን። አንቴናውን የማዞረው እኔ ነበርኩ፣ እንጨቱን ይዤ ውጭ ቆሜ «አሁንስ?» እያልኩ፣ አባዬ ከውስጥ «ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ በቃ፣ ኧረ አበላሸሽው!»

አባዬ ቤት የዋለበት ዓመት ነበር፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማታ ፕሮግራሙ ያልቃል፣ መዝሙሩ ይዘመራል፣ ከዚያ ጤፉ ይጀምራል። አባዬ አይዘጋውም። ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱ ይቀመጣል፣ ብርሃኑ ግንባሩ ላይ ይርገበገባል። እኔ ተኝታለች ተብዬ በመጋረጃው ቀዳዳ አየዋለሁ። እማዬ ከጓዳ «ኧረ ዝጋው፣ ቆጣሪው ይቆጥራል» ትላለች። እሱ ሁሌ አንድ መልስ ነበረው፦ «ተይው፣ ይመጣል።»

ምኑ ነው የሚመጣው? ፕሮግራሙ እኮ አልቋል፣ እስከ ነገ ማታ ምንም የለም። እሱም ያውቃል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጠይቄው የማላውቀውን ነገር በዚህ ሰሞን በየሌሊቱ እጠይቀዋለሁ፣ አሁን ሊመልስልኝ እንደማይችል እያወቅኩ።

ዛሬ አላስቻለኝም፣ እማዬ ጋ ደወልኩ። እየፈራሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አባዬ ያኔ ባዶ ቲቪ ፊት ተቀምጦ ምን ነበር የሚያየው አልኳት። ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ምን ያያል? ልጁን ሊያስተኛ ነዋ። ያ ሽሽሽ የሚለው ካልተከፈተለት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ ሰዓቱ አይመጣ ይመስል ‹ተይው፣ እንቅልፉ ይመጣል› ይለኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ቆየሁ። ትንሹ ያኔ ጨቅላ ነበር፣ ልክ ነው፣ ሰዓቱም ዓመቱም ይገጥማል። እኔ ግን ጋቢው ውስጥ ልጅ አላስታውስም። እማዬ ደግሞ ትዝታ ላይም እንደ አልጋ ልብስ አንሶላውን መወጠር ትወዳለች።

ስልኬ 9 ፐርሰንት ገብቷል። ትንሹ አሁን ጻፈልኝ፦ «የት ደረስሽ? ሞሊ መጣች?» ሞሊ ማን እንደሆነች እንኳን አላውቅም። ምን ብዬ ልመልስለት፣ አንተን እያስተኛሁ ነኝ?