ዝቋላን በእግር

ከቢሾፍቱ እስከ ተራራው ግርጌ ያለው መንገድ አቧራና የጤፍ ማሳ ነበር። ከዚያ ውጪ የማስታውሰው ሂሳቡን ነው። ስንሳፈር 150 ብር ተባልን። ወንበር ማርያም ስንወርድ ረዳቱ "ቦርሳ ለብቻው ይከፈላል" ብሎ 300 ተቀበለኝ። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር! ብሩ ሳይሆን ውሸቱ ነው ያናደደኝ። ንዴቴ እስከ ዳገቱ እኩሌታ አልለቀቀኝም።

ዳገቱ ድንጋያማ ነው፣ ጥላም የለውም። ከዚያ ድንገት ጫካው ይቀበላችኋል።

አዲስ አበባ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ተራራ ሲባል እንጦጦ፣ ጫካ ሲባል ባሕር ዛፍ ነው የሚመጣልኝ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ የአገሬ ዛፍ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን የጽድ ዛፉ አርጅቶ፣ ከቅርንጫፉ ሽበት አንጠልጥሎ ቆሟል። ሽታው ሌላ ነው። የእንጦጦው ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ነው፤ የዚህኛው አዲስ የተላገ እንጨት ይሸታል። ቆሜ ደጋግሜ ተነፈስኩ።

ጫፉ 3000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ተራራው የጠፋ እሳተ ገሞራ ስለሆነ መሃሉ ጎድጉዶ ሐይቅ ይዟል። ስድስት ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ጸበል ነውና የሚዋኝበት የለም። ውሃው ዝም ብሏል።

ዛፍ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እማሆይ ፊቴን አይተው "አረፍ በይ ልጄ" አሉኝ። ከጨርቅ ፈትተው ቆሎ ዘገኑልኝ። ስለ ዛፎቹ ጠየቅኳቸው። የአቦ ገዳም ስለሆነ ዛፍ እንደማይቆረጥ ነገሩኝ። በ2004 ዓ.ም. እሳት ሲነሳ ከየከተማው ወጣቶች እየወጡ መረባረባቸውን ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ብር ላውጣ ስል እጄን ያዙኝ። "ለቆሎ ይከፈላል እንዴ?" አሉ።

ቁልቁለቱ ጉልበቴን ፈተነው እንጂ ቶሎ አለቀ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 በአቦ ንግሥ ተራራው በሕዝብ ይሞላል። እኔ ግን ደግሜ የምሄደው እንዲሁ ጭር ባለ ቀን ነው። ለእማሆይ ስኳርና ሻይ ቅጠል እይዛለሁ፤ ያንን እምቢ አይሉኝም።