ወንድሜ «ባና» የሚለው ቃል ሲጠፋበት

ሪያድ ከገባሁ ሰባት አመቴ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ መንዝ መሃል ሜዳ ከእማዬ ጋር ነው ያለው፣ ሁሌ አርብ አርብ በኢሞ እናወራለን። አንድ አርብ እማዬን ብርድ እንደመታት እየነገረኝ «ያንን... ያንን እንትን አለበስኳት፣ የበግ ፀጉሩን» አለኝ። ባና ማለቱ ነው! መንዝ ተወልዶ ባና የሚለው ቃል የሚጠፋው ሰው አለ? እኔ ደሞ የላኩትን ብር ጠጥቶበት መስሎኝ «ሰክረህ ነው እንዴ የምታወራኝ» ብዬ ጮህኩበትና ዘጋሁት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለካ ጠዋት ጠዋት ራሱን እየፈለጠው ያስመልሰው ነበር፣ ሰው ሀገር ያለች ልጅ አትጨነቅ ብለው ደበቁኝ። ጠበል ወሰዱት፣ እኔም በጠበል አምናለሁ፣ ግን እዛው ቀኝ እጁን አንቀጥቅጦ ሲጥለው በቃ በጣርማበር አድርገው አዲስ አበባ አስገቡት። ኤምአርአይ ሲነሳ ጭንቅላቱ ውስጥ በግራ በኩል፣ ንግግር በሚያዘው ቦታ ላይ እጢ ተገኘ።

ዴክሳሜታሶን የሚባል መድሃኒት በተጀመረለት በሶስተኛው ቀን ራሱ ደወለ። «እትዬ፣ እማዬ ባናዬን ይዛልኝ መጣች» አለኝ ጥርት አድርጎ። ማዳም ኩሽና ውስጥ ቆሜ እልል አልኩ፣ ዳነልኝ ብዬ። ሀኪሙ ግን መድሃኒቱ በእጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ነው ያጎደለው፣ እጢው እዛው ነው አለኝ።

ኦፕራሲዮን ተደርጎ ናሙናው ሲታይ ግሊዮብላስቶማ የሚባል የአንጎል ካንሰር፣ ደረጃ 4 ሆነ፣ በአመት ከ100,000 ሰው 3 ገደማ ነው የሚይዘው። ጤነኛው አንጎል ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ ቆርጦ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ጨረር 30 ጊዜ፣ በሳምንት 5 ቀን ለ6 ሳምንት፣ ከሱ ጋር ቴሞዞሎማይድ የሚባል ኪኒን በየቀኑ። በ2005 የወጣው ጥናት ላይ ጨረር ብቻ ካገኙት ግማሾቹ ቢያንስ 12.1 ወር ሲቆዩ ኪኒኑ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ቢያንስ 14.6 ወር ቆይተዋል። ሁለት ወር ተኩል ማለት ለኔ አስር አርብ ነው፣ ደሞዜን በሙሉ ብሰጥበት አይቆጨኝም።

አሁን ጨረሩን ጨርሶ ኪኒኑን 5 ቀን ይውጥና 23 ቀን ያርፋል፣ ሶስተኛው ዙር ላይ ነው። ቃላት እንደገና እየጠፉበት ነው። ባለፈው አርብ ሊነግረኝ ፈልጎ አቃተውና ባናውን ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ባና» አልኩት። «ባና» አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ።