መሬት ያልነበራቸውን ሰዎች በመሬት መዝገብ ፍለጋ፦ ከላውደን ካውንቲ እስካሁን ያገኘሁት

ለአዲሶቹ ባጭሩ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የምፈልገው በዚሁ ግዛት በላውደን ካውንቲ የነበረውን የባለቤቴን ወገን ነው። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እናቴ ናት ያስጠናቻቸው። በአባታቸው በኩል ግን ቆጠራው 1870 ላይ ይቆማል። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ከባርነት የወጡት ሰዎች በፌዴራል የሕዝብ ቆጠራ በስማቸው የሰፈሩት መጀመሪያ በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ ወደኋላ ለመሄድ የጌቶቹን ወረቀት ማገላበጥ ግድ ይላል።

የቅኝ ግዛት ዘመን የመሬት መዝገብ ማንበብ መጀመሬን ስነግራቸው አማቴ «እኛ መሬት መቼ ነበረንና?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን በ1705 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ በባርነት የተያዙትን ሰዎች እንደ እርሻው ሁሉ የማይንቀሳቀስ ንብረት አድርጎ መደባቸው። ስለዚህ ዲድ ቡክ በሚባለው የካውንቲ የውል መዝገብ ውስጥ ከኤከሩ ጎን ሰዎች ተጽፈው ታገኛላችሁ፦ ለብድር መያዣ የተሰጡ፣ ለሴት ልጅ በስጦታ የተላለፉ፣ ከ1782ቱ ሕግ በኋላ ደግሞ ነፃ የተለቀቁ። ስም ብቻ ነው፤ የአባት ስም የለም። እኔ ማታ ማታ ብቻዬን ማንበቡን ትቻለሁ።

ሪችመንድ የሚገኘው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ከመንግሥት ወደ ግለሰብ የተላለፉትን የመጀመሪያ የመሬት ሰነዶች ምስል በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለውን አገር መሬት ይሰጥ የነበረው የእንግሊዙ ንጉሥ ሳይሆን የሎርድ ፌርፋክስ ቤት ነው። ሰነዱም ኖርዘርን ኔክ በሚለው በአካባቢው ስም ለብቻው ተቀምጧል። ዛሬ ዳታ ሴንተር የሞላበትን ላውደንን በንጉሡ መዝገብ ብትፈልጉት አታገኙትም። ካውንቲውም ቢሆን በ1757 ከፌርፋክስ ካውንቲ የተቆረጠ ነው፤ ፌርፋክስ በ1742 ከፕሪንስ ዊሊያም ወጣ፤ ፕሪንስ ዊሊያም ራሱ የተቋቋመው በ1731 ነው። እርሻው ካለበት ሳይነቃነቅ ወረቀቱ በየካውንቲው ይበተናል።

በዚያ ዘመን ሽያጭ ብዙ ጊዜ በሁለት ውል ነው የሚፈጸመው። በመጀመሪያው ቀን በ5 ሺሊንግ የአንድ ዓመት ኪራይ ይጻፋል፤ እውነተኛው ዋጋ የሚገኘው በማግስቱ በተጻፈው ነው። ከ1752 በፊት ደግሞ አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር የፌብሩዋሪ ቀን 1731/2 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በድሮው አቆጣጠር 1731፣ በአሁኑ 1732 ማለት ነው። በሁለት ዘመን አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይሄ ከባድ አይደለም።

ከሁሉ ያተረፍኩት ግን ከሚስቶች ነው። ባል መሬት ሲሸጥ ሚስቱ ባሏ ከሞተ በኋላ የሚደርሳትን ድርሻ መልቀቋን፣ እሱ በሌለበት ተጠይቃ ታረጋግጣለች። ስሟ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ሀብታም አባት ሴት ልጁን ሲድር ደግሞ በባርነት የያዛቸውን ሰዎች አብሮ ይሰጥ ነበር። እንግዲህ የባለቤቴ አያቶች በባርነት ወደኖሩበት እርሻ የመጡት በጌታው ሳይሆን በእመቤቲቱ በኩል ቢሆንስ? ቤተሰቡ ርስት የተሟገተ ሰው ይህን ጥያቄ ለማንሳት አይቸገርም፤ እኛም ዘንድ በእናት በኩልም ተቆጥሮ መሬት ይጠየቅ ነበር። እናቴ ሰባት ቤቱን በቃሏ የያዘችውም አባቷ ርስት ሲሟገቱ እየሰማች ስላደገች ነው።

የእመቤቲቱን አባት ፍለጋ ፋሚሊሰርች ወደሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ ገባሁ። ከ2024 ጀምሮ የእጅ ጽሑፉን ኮምፒውተር አንብቦት በቃል መፈለግ ይቻላል። አንዳንዴ ኤፍ የሚመስለውን የድሮ ረጅም ኤስ «ኤፍ» እያለ ስለሚያነብ አንድን ስም በተለያየ አጻጻፍ ሞክሩ። በ1760ዎቹ የተጻፈ የስጦታ ውል ወጣልኝ፦ መሬት፣ አንዲት ሴት፣ «ከእርሷም የሚወለዱ ሁሉ»። የሴቲቱ ስም በባለቤቴ ቤት ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ ስም ነው። የስም መመሳሰል ማስረጃ ስላልሆነ የዘር ሐረጉ ላይ ለጊዜው በእርሳስ ነው የጻፍኳት።

አሁን የእመቤቲቱን አባት የመሬት ድንበር በወረቀት እየሳልኩ ነው። ልኬቱ በፖል ነው፤ አንዱ ፖል 16.5 ጫማ፣ 320ው አንድ ማይል። የድንበሩ መነሻ ዛፍ ነው፤ «ከነጩ ወርካ ተነስቶ» ብዬ እንዳልተረጉመው ኦክ የሚባለው ዛፍ ሌላ ነው፤ ኦክ ብዬው አልፌያለሁ። ዋናው ጥቅም ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ድንበርተኞች በስማቸው ስለሚጠሩ የአንዱ ውል ቢጠፋ በሌላው ይደረስበታል። ሰውዬው ቀድሞ የኖረበት የፕሪንስ ዊሊያም መዝገብ ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ብዙው ጠፍቷል። በቨርጂኒያ በየአራት ዓመቱ ጎረቤቶች ድንበር እየዞሩ የሚያረጋግጡበት የደብር መዝገብ ነበር፤ ከመካከላችሁ በእሱ የሠራችሁ ካላችሁ ከየት እንደምጀምር ጻፉልኝ።