የእግር ጨው በጅማ ክረምት

ፀጉር ቤት የሚሠራ ሰው ማታ እግሩ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ጠዋት 2 ሰዓት የቆምኩ ማታ 1 ሰዓት ነው የምቀመጠው። ቤት እንደገባሁ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርጌ፣ አንድ እፍኝ ጨው በትኜ እግሬን እነክራለሁ። ከእናቴ ያየሁት ነው። አምና ነሐሴ ላይ ታዲያ ይሄንኑ ጨው ሽታ ሰጥቼው ለእንቁጣጣሽ ለዘመድና ለጓደኛ በጠርሙስ ባድልስ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ፣ በሦስተኛው ተሳካ። ገንዳ ያለው ሰው ገላውንም ይታጠብበታል፤ እኛ ቤት ገንዳ ስለሌለ እኔ የሠራሁት ለሳፋ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ያልደቀቀውን ሸካራ ጨው ገዛሁ። ከፋርማሲ ደግሞ የእንግሊዝ ጨው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ለሆድ ማጠቢያ ነው። ማግኒዥየም ሰልፌት ማለት ነው፤ ድሮ እንግሊዝ አገር ኤፕሰም በምትባል ከተማ ከምንጭ ውኃ ይወጣ ስለነበር ፈረንጆቹ በከተማዋ ስም ይጠሩታል። ልኬ 2 ብርጭቆ ሸካራ ጨው፣ 1 ብርጭቆ የእንግሊዝ ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ ቤኪንግ ሶዳ ነው።

መጀመሪያ ከጓሮ የጥብስ ቅጠል ቀጥፌ፣ አጥቤ፣ እርጥቡን ከጨው ጋር ቀላቅዬ በጠርሙስ ከደንኩት። ሲያዩት በጣም ያምር ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው ከሥሩ ውኃ አቁሯል፣ ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ጨዉ ደግሞ ከላይ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። በማንኪያ ብወጋው ማንኪያው ጎበጠ። ጨው ከቅጠልም ከአየርም እርጥበት ይስባል፣ የጅማ ነሐሴ ደግሞ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት ወር ነው። ይሄን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ሁለተኛው ላይ ሁሉንም አደርቃለሁ አልኩ። እንጀራ ጋግሬ እንደጨረስኩ፣ ምጣዱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ሁለቱንም ጨው በየትሪው አስጥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ። ሸካራው ጨው ደርቆ ኮሽ ኮሽ ማለት ጀመረ። የእንግሊዙ ጨው ግን አላበው፣ ረጠበ፣ ቆይቶ ደግሞ እንደ ኖራ ነጣ። ለካ የእንግሊዝ ጨው ፍሬው ውስጥ የራሱ ውኃ አለው፣ ሙቀት ሲነካው ያንን ይለቃል። ስለዚህ የሚደርቀው ሸካራው ብቻ ነው። የእንግሊዙ ጨው ከፓኬቱ የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሽታውን ያገኘሁት ደግሞ ገበያ ላይ ነው። ኮረሪማ የሚሸጡ አንዲት እናት ጋ ቆሜ ስመርጥ «ለወጥ ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ለእግር መንከሪያ ነው» ስላቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «እንግዲያው ያልተፈለፈለውን ውሰጂ፣ ሽታው አይሄድም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዛጎሉን የሰበርኩት መቀላቀል ስጀምር ነው፤ ፍሬውን ሙቀጫ ውስጥ ሳላደቅ ገጨት ገጨት አድርጌ ጨመርኩት። ቤቱ ሁሉ ቡና የተፈላበት መሰለ። ብዙ ሰው ላቬንደር ይፈልጋል፣ ለእኔ ግን ከኮረሪማ የሚበልጥ የለም፣ ደግሞም የአገራችን ነው። የጥብስ ቅጠል ከፈለጋችሁም ጥላ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ይድረቅ፣ በጣት ሲያሹት እስኪደቅ።

የባህር ዛፍ ዘይት 10 ጠብታ ጨምሬያለሁ፣ ግን በቀጥታ አይደለም። ዘይቱ ከውኃ ጋር አይዋሃድም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ቆዳ ላይ ይለጠፋል። አንዴ በቀጥታ ሳፋ ውስጥ ጠብ አድርጌ እግሬ ቀልቶ አድሯል። አሁን አንድ የሻይ ማንኪያ የወይራ ዘይት ውስጥ አዋህጄ ነው ጨዉን በሹካ የማሸው። ጤና አዳም ግን እንዳትጨምሩ፣ ሽታው ቢያምርም የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቆስላል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከሰጠሁ በኋላ ነው። ለአክስቴ በለውዝ ቅቤ ጠርሙስ አድርጌ፣ በሪባን አስሬ፣ ምንም ሳልጽፍበት ለልጇ ሰጥቼ ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቅመም ያለው ጨው ለክትፎ ይሆናል?» ክው አልኩ። ደግነቱ ገና አልነካችውም። የሆድ ማጠቢያ ያለበትን ጨው፣ ያውም ከባህር ዛፍ ዘይት ጋር፣ የበዓል ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ሊበላው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮረሪማ የሚታይበትን ጨው ሀበሻ ቤት ልኮ ወጥ ቤት አይገባም ማለት አይቻልም። ያን ቀን ማታ የሰጠኋቸው ሰዎች ጋ ሁሉ ደወልኩ።

አሁን በትልቁ «የእግር መንከሪያ፣ አይበላም» ብዬ በማርከር እጽፋለሁ። ከሥሩም፦ ግማሽ ብርጭቆ ለአንድ ሳፋ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ቁስል ካለ ይቅር። ስኳር ላለባቸው ደንበኞቼ ግን አልሰጥም። እግራቸው ሙቀቱን ላይሰማ ስለሚችል ሳያውቁት ይቃጠላሉ፤ ለእነሱ ኮረሪማውን በጨርቅ ቋጥሬ ለቁም ሳጥን ሽታ እሰጣቸዋለሁ።

ዘንድሮ 12 ጠርሙስ አስቤያለሁ። ጠርሙሶቹ ታጥበው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ካስኩ አጠገብ ተደፍተዋል፣ የጥብስ ቅጠሉም ከመጋረጃው ጀርባ ተንጠልጥሏል። አክስቴ የእሷን ሁለት አድርጊው ብላለች።