አርባ ሦስት ፊርማ

ዛሬ ጅማ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። የክፍል ተወካይ ስለሆንኩ የ43 ልጆች ፊርማ ያለበትን ወረቀት ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ዲፓርትመንት ሮጥኩ። ሁለት ፋይናል በአንድ ቀን ተደርቦብን ነበር። ተመራቂዎች ነን፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

ወረቀቱን ስዘረጋው ጠርዙ ርሷል። የአንዷ ልጅ ስም ቀለሙ ፈሷል። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ትናንት ማታ ላይብረሪ በር ላይ ጠብቃኝ ነው የፈረመችው። «አደራ፣ ንገርልን» ነበር ያለችኝ። ይቺ አደራ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ኃላፊያችን መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አልቸኮሉም። እንዲህ ሲያዳምጡህ ደስ ይላል። «አንዱን ወደ ሐሙስ እንወስደዋለን» አሉ።

ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀድማ የመለሰችው እሷ ናት፦ «ተመስገን!»