ፕሮሰሰሬን 4.8 ጊጋኸርዝ ላይ ያቆምኩበት ምክንያት

ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን የኦቨርክሎኪንግ (ፕሮሰሰርን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ የማሠራት) ሙከራ በቅርቡ ጨረስኩ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሬ ዋና የስሌት ቺፕ፣ ባለ ስድስት ኮር (ስድስት የስሌት ክፍል ያለው) ኢንቴል አይ 5-9600ኬ ነው። ስድስቱም ኮሮች አብረው ሲሠሩ የፋብሪካ ፍጥነቱ 4.3 ጊጋኸርዝ ነበር፤ አሁን በ4.8 ይሠራል። ገና ለምትጀምሩ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ከማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀንጭቤ ጽፌዋለሁ።

አስቀድማችሁ የፕሮሰሰራችሁ ማባዣ ክፍት፣ ማለትም ልትቀይሩት የምትችሉት፣ መሆኑን አረጋግጡ። በኢንቴል ስሙ በ‹ኬ› የሚያልቅ ፕሮሰሰርና የ‹ዜድ› ተከታታይ ማዘርቦርድ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ያስፈልጋል፤ የሌላው አምራች የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ደግሞ አብዛኞቹ ክፍት ናቸው። ፍጥነቱ የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ የሆነው መነሻ ሰዓት (የፕሮሰሰሩ መነሻ ምት) በማባዣው ሲባዛ ነው፤ ማባዣው 48 ከሆነ ፍጥነቱ 4.8 ጊጋኸርዝ ይሆናል። እኔ የነካሁት ማባዣውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳልቀይር ሙቀት ስለካ አሳለፍኩ፤ ደግሞም በጀኝ። ፕሮሰሰሩን በከባድ ስሌት የሚፈትነውን ፕራይም 95 የተባለ ፕሮግራም ከፍቼ ስመለከት በፋብሪካው ፍጥነት እንኳ አንዱ ኮር 94 ዲግሪ ደርሷል፣ ሌሎቹ 80 አካባቢ ናቸው። ማቀዝቀዣውን ነቅዬ ሳየው ቴርማል ፔስቱ (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) በሦስቱ ማዕዘን ስስ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በአራተኛው ግን እንደተቀባ ወፍራም ሆኖ ተቀምጧል። በዚያ በኩል ያለው ብሎን በደንብ አልጠበቀም ነበር። አጽድቼ፣ አዲስ ቀብቼ፣ ብሎኖቹን በሰያፍ እያፈራረቅሁ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኋቸው። ከፍተኛው ሙቀት ወደ 69 ወረደ። ይህን ሳላይ ፍጥነት ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን በፕሮሰሰሩ ላይ እለጥፍ ነበር።

ከዚያ ማባዣውን አንድ አንድ ቁጥር እየጨመርኩ ሄድኩ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግራችሁ ነገር አለ፦ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ቮልቴጁን ‹አውቶ› ላይ አትተዉት። 47 ላይ ስደርስ ማዘርቦርዱ በራሱ ፈቃድ 1.39 ቮልት ሲሰጥ አገኘሁት። በእጄ 1.22 ብዬ ስወስነው በዚያው ፍጥነት ያለ ችግር ሠራ። ፕሮሰሰርን ቀስ በቀስ የሚጎዳው በዋናነት ከልክ ያለፈ ቮልቴጅና ሙቀት ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

48 ላይ በ1.23 ቮልት ዊንዶውስ ተከፈተ፤ ሲኒቤንች የተባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራምም ሳይቋረጥ አለቀ፤ ደስ አለኝ። ፕራይም 95ን ግን ለሌሊቱ ትቼው 43ኛው ደቂቃ ላይ ከስድስቱ ስሌቶች አንዱ ቆመ። ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን የለም፣ ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሙዚቃውም ይጫወታል። የማጠጋጋት ስህተቱ ከ0.4 በታች መሆን ሲገባው 0.5 ሆኗል የሚል አንድ ቀይ መስመር ብቻ ነበር። ያ መስመር ከየትኛውም ሰማያዊ ስክሪን በላይ አስደነገጠኝ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር እየሠራ የሚመስል ሆኖ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። የቤተሰብ ፎቶዎቼን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ የጀመርኩት ለዚህ ነበር። 1.25 ቮልት ላይ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያለ ስህተት አለፈ፤ ከፍተኛው ሙቀት 79 ነበር።

50ንም ሞክሬዋለሁ። በ1.27 ቮልት ጨርሶ አልነሳም አለ። ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅዬ፣ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቼ ስመልስ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመለሰና ተነሳ። በመጨረሻ 1.33 ላይ ጸና፤ ሙቀቱ ግን 92 ሆነ። ይህ ፕሮሰሰር ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን የሚቀንሰው 100 ዲግሪ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ለራሴ 85 የሚል ወሰን አስቀምጬ ነበር።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው። ከ4.8 ወደ 5.0 ስሄድ የማገኘው ፍጥነት 4 በመቶ ሲሆን፣ የሚጨምረው ኃይል 18 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 5.0 የሚለውን ቁጥር እወደዋለሁ፤ ቢሆንም ለ4 በመቶ ስል ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ እንዲጮህና ወሰኔን እንድጥስ አልፈልግም። ወደ 48 እና 1.25 መለስኩት፤ ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱን ዝቅ የሚያደርገውንም ቅንብር እንደበራ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ በየማታው ቪዲዮ አቀናብርበታለሁ፤ 72 ዲግሪን አልፎ አላየሁትም።

ቀጣዩ ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ነው። እስከዚያው ፕሮሰሰሩን 1.24 ቮልት ላይ ሌላ ሌሊት ልሞክረው አስቤያለሁ።